ግድግዳ ነው እንዴ ክርስቲያን የሚያደርገው?

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄ የውይይት ክር 43 መልስ ደርሷል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ደግሞ 3ኛው ላይ ያለቀውን ነገር ከዜሮ እየጀመረ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ከላይ እንዳለ ትቼ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከስር አስቀምጫለሁ። ቃል በቃል ያልገለበጥኩት ሁለት ሰዎች የጻፉትን ስላጠፉ ነው፣ ሰው አስቦበት ያጠፋውን ነገር መልሶ መለጠፍ ደስ አይልም። ያዛባሁት ካለ እረሙኝ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር፦

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። እምነቴን አልተውኩም፣ እጸልያለሁ፣ እንደውም ከበፊቱ የበለጠ አነባለሁ። የተጣላሁት ሰው የለም፣ የተቀየምኩት ሰባኪም የለም። መጀመሪያ ታምሜ ቀረሁ፣ ከዛ ሥራ በዛ፣ ከዛ መቅረቱን ለመድኩት። ውስጤ የቀረው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ጠፋህ ብሎ የደወለልኝ ሰው አለመኖሩ ነው፣ ያውም ዘጠኝ አመት ጎን ለጎን ቆመን የዘመርን ሰዎች። እና ብኖርም ባልኖርም ለውጥ ከሌለው ቤተ ክርስቲያን ለምንድነው ያስፈለገችው? እግዚአብሔር ሁሉም ቦታ አለ ካልን ሰው ቤቱ ሆኖ ቢያምን ምን ይጎድልበታል? ግድግዳ ነው እንዴ ክርስቲያን የሚያደርገው?

መልስ 1፦ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ አንቱ እያለ ነው የጻፈልኝ። ግድግዳው ላይ ከኔ ጋር ይስማማል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ቃሉ ኤክሌሲያ መሆኑን፣ ትርጉሙም ተጠርቶ የወጣ ጉባኤ ማለት እንደሆነ አስረዳ። በግሪክ ከተሞች ዜጎች ለስብሰባ ሲጠሩ የሚባልበት ተራ የአደባባይ ቃል ነበር፣ ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት ደግሞ የእስራኤልን ጉባኤ በዚሁ ቃል ጠሩት፣ ክርስቲያኖቹም ተቀበሉት። አዲስ ኪዳን ውስጥ አንድም ቦታ ለሕንጻ እንዳልዋለ ጨምሮ ጻፈ።

መልስ 2፦ ቀልደኛ። ይኸው ቃል የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ኤፌሶን ውስጥ በጳውሎስ ላይ ለተነሳው ረብሻም እንደዋለ አስታወሰን፣ የኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዛ ጋ ጉባኤ ይለዋል። ሁለት ሰዓት ያህል የጮሁ፣ አብዛኞቹ ለምን እንደተሰበሰቡ እንኳን ያላወቁ ሰዎች ናቸው። እሱም የሚያውቃቸውን አንዳንድ ስብሰባዎች እንዳስታወሰው ጻፈ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

መልስ 3፦ እኔ ከሁሉም የወደድኩት የመጀመሪያው ገጽ መልስ ይሄ ነው። ግሪክኛ ድረስ ለምን እንሄዳለን፣ የራሳችን ቃል ምን አጠፋ የሚል ነው ነገሩ። በግዕዝ ቤት ማለት አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም፣ ቤተ እስራኤል ስንል የእስራኤል ወገን ማለታችን ነው፣ የዳዊት ቤት ስንል የዳዊት ዘር፣ በየቀኑ የምንለው ቤተሰብ ራሱ ቤተ ሰብእ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚለውን ቃል ሰው ሕንጻ ብቻ አድርጎ የሚሰማው ጆሮው ስለለመደው እንጂ ቃሉ ስለጠበበ አይደለም አለ። ስንት አመት ሳወራው የኖርኩትን ቃል መጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።

መልስ 4፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት የነበረች እህት ናት። ለልጆች ስታስተምር ሦስቱን ትርጉም አብራ ነው የምታስተምረው፣ ሕንጻው፣ የእያንዳንዱ ምዕመን ሰውነት፣ የምዕመናን አንድነት። ችግሩ አድገን አንዳችን ሕንጻውን፣ ሌላችን ሰውነታችንን ይዘን መሄዳችን ነው፣ ሦስተኛው ጠባቂ አጣ ትላለች።

መልስ 5 ከሷ ተነስቶ ቀጥታ እኔ ላይ መጣ። 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16 ላይ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ መሆናችንን የሚናገረው ቃል በብዙ ቁጥር ነው፣ አንተ ሳይሆን እናንተ፣ ጳውሎስ የሚያወራው ለመላው ማኅበር ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ ስለ ሰውነታችን ይናገራል። ሁለተኛውን ይዞ እኔ ራሴ ቤተ መቅደስ ስለሆንኩ መሄድ አያስፈልገኝም የሚል ሰው ገጹን ገልብጦ የመጀመሪያውን ያንብብ ነው መልዕክቱ። እኔ ያንን ክርክር ጥያቄዬ ላይ አልጻፍኩትም እንጂ በልቤ ይዤው ነበር፣ እንዴት እንዳወቀብኝ እንጃ።

ከ6 እስከ 8፦ ቤተ ክርስቲያን ተለያይቶ ነው ወይስ ቤተክርስቲያን ተገጥሞ ነው የሚጻፈው የሚል ክርክር። በሦስት መልስ ውስጥ ሁለት ሰው ተናዶ ወጣ። አድሚኑ ገብቶ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመነ።

መልስ 9፦ እዚህ ጋ ነው አየሩ የተለወጠው። ይሄ ሰው አንቱም አንተም ሳይል ነው የጀመረው፣ ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ አንተ ገባ። ቆጵርያኖስን ጠቀሰ፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የካርቴጅ ጳጳስ የነበረውን። ቤተ ክርስቲያን እናቱ ያልሆነችለት ሰው እግዚአብሔር አባቱ ሊሆንለት እንደማይችል፣ ከሷ ውጪ መዳን እንደሌለ፣ ከግንዱ የተሰበረ ቅርንጫፍ ማቆጥቆጥ እንደማይችል። የኔን ጥያቄም ትዕቢት አለው። ስልክ የሚጠብቅ ሰው አምልኮ የሚፈልግ ሰው ነው የሚል ነገርም ነበረበት። አሁን አጥፍቶታል፣ ስለዚህ በዚሁ ልተወው።

መልስ 10 ተረጋግቶ ነው የመለሰለት። ቆጵርያኖስ እሱን የጻፈው በ251 ነው፣ ከዛ አንድ አመት በፊት የሮም ንጉሥ ዴክዮስ ሁሉም ሰው ለጣዖት እንዲሠዋ አዝዞ ብዙ ክርስቲያን ፈርቶ ሠውቷል፣ ስደቱ ሲበርድ የወደቁት እንዴት ይመለሱ በሚለው ላይ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ልትሰነጠቅ ነበር። ሰውየው የጮኸው በሚሰነጥቋት ላይ ነው፣ ታሞ ቀርቶ የሚደውልለት ባጣ ሰው ላይ አይደለም። ከሷ ውጪ መዳን የለም የሚለውም በሌላ ደብዳቤው የመናፍቃን ጥምቀት ይቆጠራል ወይ በሚለው ክርክር መሃል የተናገረው ነው። ቆጵርያኖስ ራሱ በ258 አንገቱን ተቀልቶ ሰማዕት ሆኗል፣ እና ቃሉን ከሚከፈልበት ቦታ አውጥቶ ሰው መምቻ ማድረግ ነውር ነው አለ 10ኛው።

መልስ 11 ራሱ 9ኛው ነው፣ እውነት ስኳር እንደማያስፈልጋት ጽፎ ሄደ። መልስ 12 ደግሞ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ጳጳስ የነበረውን አውግስጢኖስን ይዞ መጣ፣ ውጪ ያሉ የሚመስሉ ብዙዎች ውስጥ እንደሆኑ፣ ውስጥ ያሉ የሚመስሉ ብዙዎችም ውጪ እንደሆኑ የተናገረውን። 9ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

መልስ 13፦ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሜ በሚሰበሰቡበት የሚለው ቃል በቂ ነው፣ ከጓደኛህ ጋር ካፌ ተቀምጣችሁ ብትጸልዩም ቤተ ክርስቲያን ናችሁ የሚል አስተያየት ነው።

መልስ 14 ግን ማቴዎስ 18ን ከ15 ጀምሮ እንድናነብ አደረገን። ነገሩ ሁሉ ወንድም ወንድሙን ሲበድል ምን ይደረግ የሚል ነው፣ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ሁለት ወይም ሦስት የሚለው የመጣው ከዛ ተከትሎ ነው። ከአራቱ ወንጌሎች ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል ያለው ማቴዎስ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ቦታ፣ 16፥18 ላይ ጌታ በዓለቱ ላይ እንደሚሠራት ሲናገር፣ እና እዚህ። ስለዚህ በወንጌል ውስጥ በስሟ ተጠርታ ሥራ ሲሰጣት የመጀመሪያው ሥራ የተጣሉ ሰዎችን ማስታረቅ ነው፣ ካፌ ውስጥ ከምትወደው ጓደኛህ ጋር ስትሆን ደግሞ የሚያስታርቅህ ጠብ የለም። 13ኛው እንዳላሰበበት አምኖ አመሰገነ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ሲሆን ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

መልስ 15፦ እናቷ የሞተችባት እህት። ወደ አንድ አመት ያህል መጸለይ አቅቷት ነበር፣ ቤቷ ሆና አፏን ስትከፍት ቃል አይወጣም። ግን ትሄድ ነበር፣ የማታምነውን ነገር ሌላው ሲያምንላት ለመስማት ነው የምትሄደው። ጸሎተ ሃይማኖት አምናለሁ ሳይሆን እናምናለን የሚለው ለዚህ ይመስለኛል ትላለች፣ አንዱ ሲደክመው ሌሎቹ ቃሉን ይዘውለት እንዲቆዩ። አጠገቧ የምትቆም ስሟን የማታውቃት ሴት ነበረች። መዝሙር ሲጀመር ይህቺ ሴት ዝም ብላ እጇን ሰዳ የሷን መጽሐፍ ትክክለኛው ገጽ ላይ ትከፍትላታለች፣ አንድ ቀን ተገልብጦ ይዛው ስለነበር አቃንታ ሰጠቻት። አመት ሙሉ ይሄው ነው፣ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

መልስ 16 ወዲያው ተቃራኒውን ይዞ መጣ። ትዳሩ ችግር ላይ ሳለ ለጸሎት ቡድኑ ነገራቸው፣ ሳምንት ሳይሞላ የማያውቃቸው ሰዎች አይዞህ ይሉት ጀመር። የጸሎት ርዕስ የሚባለው ነገር የተቀደሰ ሐሜት ነው ብሎ ደመደመ። መረረው፣ እኔም አልፈረድኩበትም።

መልስ 17 ቤተ ክርስቲያን የኃጢአተኞች ሆስፒታል ስለሆነች በሽተኛ ማየት ሊገርመን እንደማይገባ ጻፈ። 18 ደግሞ ይሄን ምሳሌ መቶ ጊዜ እንደሰማውና ሆስፒታል ቢያንስ የበሽተኛ ሚስጥር እንደሚጠብቅ፣ ቀጠሮ ሲያልፍም ካርዱን አውጥቶ እንደሚፈልግ መለሰ። ከዚህ በላይ የሚጨመር ያለ አይመስለኝም።

መልስ 19፦ ንጹህ ቤተ ክርስቲያን የምትፈልጉ ሰዎች የመጀመሪያዋን ብታገኟትም ትወጡ ነበር አይነት ነገር። የቆሮንቶስ ሰዎች ለጌታ እራት ተሰብስበው አንዱ ሲራብ አንዱ ይሰክር ነበር፣ ጳውሎስ ድሆቹን በማሳፈር የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ትንቃላችሁን ብሎ ወቀሳቸው። ደብዳቤውን ሲጀምር ግን ያው እነዚህኑ ሰዎች ነው በቆሮንቶስ ያለች የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ብሎ የጠራቸው። ስሙን አልነጠቃቸውም።

መልስ 20 ይሄንኑ ይዞ ወደ ዶናቲስቶች ሄደ፣ ትንሽ ረዝሟል ግን ጥሩ ነው። በ303 በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ አንዳንድ ካህናት ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያቃጥሉት ወታደሮች አስረክበው ነበር። ስደቱ ካለፈ በኋላ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ብዙዎች እነዚህ የከዱ ሰዎች እጅ ያለበት ክህነትና ጥምቀት ምንም ዋጋ የለውም ብለው ተለዩ፣ ዶናቲስቶች የተባሉት እነሱ ናቸው፣ መለያየቱ ከመቶ አመት በላይ ቆየ። በ411 ካርቴጅ ላይ ከሁለቱም ወገን ከ500 በላይ ጳጳሳት ተሰብስበው ተከራከሩ። የአውግስጢኖስ መልስ ጥምቀቱ የአጥማቂው ሳይሆን የክርስቶስ ነው የሚል ነበር፣ ጴጥሮስ ቢያጠምቅም ይሁዳ ቢያጠምቅም የሚያጠምቀው እሱ ነው፣ ስንዴና እንክርዳዱም እስከ መከር አብረው ያድጋሉ።

መልስ 21 ቆርጦ ነው የጻፈው። ግማሹን ብቻ አትንገሩን፣ ያው አውግስጢኖስ በኋላ የመንግሥት ኃይል ዶናቲስቶቹን አስገድዶ እንዲመልስ ደግፏል፣ እሱን ምሳሌ አድርገው ሰው ያሳደዱ ብዙ ናቸው። 20ኛው እውነት እንደሆነ አመነ። መልስ 22 ደግሞ አንድ መለየት ያለበትን ነገር ለየ፣ ጥምቀቱ በአጥማቂው ኃጢአት አይፈርስም ማለት አጥማቂው በሥራው አይጠየቅም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ለምዕመኑ ማረፊያ ነው፣ የሁለተኛውን ደጅ ለመዝጋት የሚጠቀምበት ሰው ምዕመኑን ሁለት ጊዜ በድሎታል። ይሄን በጣም ወደድኩት።

መልስ 23፦ ስለ ዓላማ ዘርዝሮ ጻፈ፣ ሐዋርያት ሥራ 2፥42 ላይ ያሉትን አራቱን፣ የሐዋርያት ትምህርት፣ ኅብረት፣ እንጀራ መቁረስ፣ ጸሎት፣ በላዩ ላይ ማቴዎስ 28 ላይ ወደ አሕዛብ ሁሉ መላክን። ቤተ ክርስቲያን የት ናት ለሚለው ደግሞ አግናጥዮስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሰማዕትነቱ ሲወሰድ ክርስቶስ ባለበት እዛ ናት እንዳለ፣ ሉተራውያን በ1530 በአውግስቡርግ ወንጌል በትክክል የሚሰበክበትና ምስጢራት በአግባቡ የሚፈጸሙበት የቅዱሳን ጉባኤ እንዳሏት፣ ካቶሊኮች በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የእግዚአብሔር ሕዝብ የሚለውን ከፍ አድርገው እንዳወጡት ደረደረ። ከዛ ማንኛዋ ናት እውነተኛዋ ወደሚለው ሊገባ ሲል አድሚኑ አስቆመው፣ ጎበዝ አድሚን።

መልስ 24 እና 25፦ ባልና ሚስት ናቸው መሰለኝ፣ አንዱ የሌላውን አረፍተ ነገር ይጨርሳል። ለኔ ምን ታደርግልኛለች ብሎ መጠየቅ የደንበኛ ጥያቄ እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ እግዚአብሔርን ለማምለክ እንጂ እኛን ለማስደሰት እንዳልቆመች አሳሰቡ። ደግሞ ሳውል ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ከሰማይ የመጣው ድምፅ ለምን ታሳድዳቸዋለህ አላለም፣ ለምን ታሳድደኛለህ ነው ያለው፣ እና ክርስቶስን እፈልጋለሁ ሰዎቹን ግን አልፈልግም ማለት ራሱን እንጂ አካሉን አልፈልግም ማለት ነው። ትክክል ናቸው። ግን እኔ የጠየቅኩት ምን ታደርግልኛለች ብቻ አልነበረም፣ ብልት ተቆርጦ ሲወድቅ አካሉ እንዴት አላመመውም ነው።

መልስ 26፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይሄ ሰው ርዕሴን አይቶ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ፣ ከራሴ ነበር ያመጣሁት። ለካ ጥያቄው ከ1600 አመት በላይ ዕድሜ አለው። አውግስጢኖስ ኑዛዜ በሚባለው መጽሐፉ ላይ የተረከው ነው። ቪክቶሪኑስ የሚባል ሮም ውስጥ የታወቀ የንግግር መምህር ነበር፣ በክብሩ ምክንያት አደባባይ ላይ ሐውልት የቆመለት፣ ዕድሜውን ሙሉ ጣዖት ሲያመልክ የኖረ። በእርጅናው መጻሕፍት እያነበበ አመነና ለወዳጁ ለሲምፕሊኪያኑስ በጆሮው ክርስቲያን መሆኑን ነገረው። ወዳጁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳላይህ አላምንም አለው። ቪክቶሪኑስ እየሳቀ ታዲያ ግድግዳ ነው እንዴ ክርስቲያን የሚያደርገው አለው። ይሄን ብዙ ጊዜ ተባባሉ፣ አንዱ ያንኑ ይላል፣ ሌላውም ያንኑ ይመልሳል። ከዛ አንድ ቀን ሳይታሰብ ሰውየው ራሱ ተነስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፣ ክርስቲያን መሆን እፈልጋለሁ አለ። እምነቱን በሕዝብ ፊት የሚናገርበት ቀን ሲደርስ ካህናቱ እንደሚያፍር ሰው ለብቻው እንዲናገር ፈቅደውለት ነበር፣ አልፈልግም አለ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲወጣ የሚያውቀው ሁሉ ስሙን እየጠራ ቪክቶሪኑስ ቪክቶሪኑስ እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ፣ ከዛ ሊሰሙት ጸጥ አሉ።

መልስ 27 እንግዲህ ወዳጁ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ክርክሩ ተዘጋ አለ። መልስ 28 ግን አልተዘጋም አለች፣ ቪክቶሪኑስ ስለ ግድግዳ የተናገረው ነገር ስህተት አልነበረበትም፣ ግድግዳ ማንንም ክርስቲያን አያደርግም። ሰውየው ግድግዳውን ያነሳው ግን ሌላ ነገር ስለሸሸ ነው፣ ትልልቅ ጣዖት አምላኪ ወዳጆቹ እንዳያዩት ፈርቶ። እና ወደኔ ዞራ (ሴት ናት፣ አንተ ብትለኝም በእህት ለዛ ነው) የኔ ፍርሃት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። የሱ ፍርሃት ሄዶ መታየት ነበር፣ የኔ ሄዶ አለመታየት ሳይሆን አይቀርም፣ ገብቼ ስወጣ ሁለት አመት መጥፋቴን ማንም ሳያውቅ ባለፈው ሳምንት እንዳለ ሰው ሰላም እንዳይለኝ። ይሄንን ጻፍኩላት።

መልስ 29፦ የቤተ ክርስቲያን አጻጻፍ ተመልሶ መጣ። ዘለልኩት።

መልስ 30 ላይቭ እያለ መሄድ ለምን አስፈለገ አለ፣ 31 ላይቭ ለሰነፍ ነው፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ሻይ እየጠጡ አምልኮ የለም ብሎ ጮኸበት። መልስ 32 ላይ አራት አመት ከአልጋ ያልተነሳች ሴት ገባች። ስድብ የለውም ጽሑፏ። ላይቭ ባይኖር ምንም እንደማይኖራት፣ ግን ስልኩ ሁሉን ያሳያታል እንጂ እሷን ለማንም እንደማያሳይ ጻፈች። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ሲዞር ባዶ ወንበር ትፈልጋለች፣ የኔ ቦታ ይሄ ነበር ትላለች ለራሷ። 31ኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

መልስ 33፦ ለሷ ነው የተጻፈው፣ ለኔ ግን የበለጠ ገባኝ። ዮስጢኖስ ሰማዕት በ155 አካባቢ ለሮም ንጉሥ ለአንቶኒኑስ ፒዩስ ክርስቲያኖች ተሰብስበው ምን እንደሚያደርጉ ጻፈለት፣ ስለ እሁድ ጉባኤ ካሉን ጥንታዊ ዘገባዎች አንዱ ነው። በከተማም በገጠርም ያሉት በፀሐይ ቀን አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ የሐዋርያት መታሰቢያ ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከፈቀደ ይነበባል፣ የጉባኤው መሪ ይመክራል፣ ሁሉም ተነስቶ ይጸልያል፣ ኅብስትና ወይን ከውሃ ጋር ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ይካፈላል። ከዛ አንዲት አጭር ነገር አለች፣ ለቀሩት ደግሞ በዲያቆናት ይላክላቸዋል። ያለውም በፈቃዱ ይሰጣል፣ የሚሰበሰበው ለየቲሙ፣ ለመበለቲቱ፣ ለታመመው፣ ለታሰረው፣ ለእንግዳው ይሆናል። 33ኛው የሚለው፣ ዲያቆኑ ድርሻውን ይዞ ሊወጣ ማን እንደቀረ ማወቅ አለበት። የቀረን ሰው ማወቅ ከአምልኮው በኋላ የሚሠራ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ አልነበረም፣ የአምልኮው ክፍል ነበር።

መልስ 34 ስለዚሁ ሰው ጨመረ። ዮስጢኖስ ሮም ላይ ተይዞ ሲመረመር ዳኛው የት ነው የምትሰበሰቡት ብሎ ጠየቀው፣ እሱም ሁላችንም አንድ ቦታ የምንሰበሰብ ይመስልሃል ወይ፣ የክርስቲያኖች አምላክ በቦታ አይወሰንም፣ ሰማይና ምድርን የሞላ ነው ብሎ መለሰ። የኔን ክርክር ማለት ነው! ግን ይሄን ያለው ሰው ያው እሁድ እሁድ መሰብሰቡን ለንጉሥ የጻፈው ሰው ነው። ከ34 ጋር አብሮ ስለ ዱራ ዩሮፖስም መጣ፣ ሶርያ ውስጥ ኤፍራጥስ ዳር ያለች የፈረሰች ከተማ፣ እስከዛሬ ከተገኙት የክርስቲያን መሰብሰቢያዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ያለባት። ተራ መኖሪያ ቤት ነበር፣ በ240 አካባቢ ሁለት ክፍሎች መሃል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው አንድ አደረጉት፣ ሰው እንዲበቃ። ስለ ግድግዳ ለጠየቅክ ይኸውልህ አለኝ።

መልስ 35 ባስልዮስን አመጣ፣ ብቻህን ብትኖር የማንን እግር ታጥባለህ ያለውን። 36 እንጦንስስ፣ በረሃ ብቻውን አልኖረም ወይ ሲል 37 አትናቴዎስ እንደጻፈው እንጦንስ ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ የሚለውን ወንጌል የሰማው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲነበብ እንደሆነ አስታወሰ። ባይሄድ ኖሮ በረሃውንም ባልሄደ።

መልስ 38፦ 9ኛው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ጥያቄዬ አሁንም ትዕቢት አለበት ብሎ ያምናል። ግን እሱ ራሱ ባለበት ቦታ የመዘምራን ስም የሚይዝ ሰው ነው፣ ከ33 በኋላ ደብተሩን አውጥቶ ዐየና በአንድ አመት ውስጥ ስማቸው አጠገብ ቀሪ ቀሪ እየጻፈ ሄዶ አንድም ቀን ያልደወለላቸው ሰዎች አገኘ። ስንት እንደሆኑ አልተናገረም። የመጀመሪያ ጽሑፉን ያጠፋው ያኔ ነው።

ከ39 እስከ 42፦ የማይክ ድምፅ መብዛት፣ አስራት በሞባይል መላክ፣ ማይክ እንደገና፣ ከዛ አድሚኑ ክሩን እዘጋዋለሁ ብሎ አስፈራራ።

መልስ 43 አልጋ ላይ ያለችው ሴት ናት። ከጠየቅኩ በኋላ ከነዛ ሰዎች የደወለልኝ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፣ የለም። ቀጥላ ደግሞ በዘጠኝ አመቱ ውስጥ ከመዘምራኑ የጠፋ ሰው ነበር ወይ፣ አንተስ ደውለህለት ታውቃለህ ወይ አለችኝ።

ነበር። አጠገቤ ቆሞ ቤዝ የሚዘምር ልጅ፣ አራት አመት አብሮን ነበር፣ አንድ ቀን ቀረ። ሥራ ቀይሮ ይሆናል ተባባልን፣ የሱን ቦታ ለመሙላት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋሁ። ትናንት ማታ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ፈለግኩ፣ በስሙ ስፈልግ አጣሁት። ያስቀመጥኩት ቤዝ 3 ብዬ ነው። ለ43ኛዋ ገና አልመለስኩላትም።